ስድስት መሐረብ፣ አንድ ካንጋ

(በአንድ የሴቶች የንባብ ክበብ የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ ይሄን ጨርቅ እዩልኝ። አሁን አልዘረጋውም። እንደታጠፈ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ላዩ ላይ ጽሑፍ አለው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እናነበዋለን።

ስሙ ካንጋ ነው። ሞምባሳ፣ ዛንዚባር ወይም ዳሬሰላም የሄደ ሰው ሳያየው አይመለስም። ሴቶቹ ወገባቸው ላይ ያገለድሙታል። ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉታል። ራሳቸውን ይሸፍኑበታል፣ ልጅ ያዝሉበታል። አራስ ልጅ ይጠቀለልበታል፤ ለቅሶ ቤትም ተለብሶ ይኬዳል። ናይሮቢ ስድስት ዓመት ስኖር ብዙ ነገር ወድጃለሁ። እንደዚህ ጨርቅ ልቤን የያዘው ግን የለም። መጀመሪያ የሳበኝ ቀለሙ ነበር። ይዞ ያስቀረኝ ስሙ ነው።

እኛ ዘንድ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የዚህን ጨርቅ ስም ያወጡት ግን የለበሱት ሴቶች ናቸው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይሄንኑ ነው። ጨርቁን ፋብሪካ አትሞታል፣ መርከብ አምጥቶታል፣ ነጋዴ ሸጦታል። ካንጋ ያደረጉት ሴቶቹ ናቸው። መጀመሪያ በመርፌና በክር፣ ቀጥሎ ደግሞ በስም።

ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ በዚያው ያዙልኝ።

ጨርቁ ሁለት ስም አለው። ታንዛኒያ ውስጥ ካንጋ ይሉታል። ሞምባሳ ስትሄዱ፣ በተለይ ትልልቆቹ ሴቶች፣ ሌሶ ነው የሚሉት። ከቆየው ስም፣ ከሌሶ እንጀምር።

ሌሶ የስዋሂሊ ቃል ይመስላል እንጂ አመጣጡ ከፖርቱጋል ነው። ፖርቱጋሎች መሐረብን፣ የአንገት ወይም የራስ ሻሽን ሌንሶ ይሉታል። ቫስኮ ደ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋሎች ባሕር ዳርቻውን ይዘው ቆዩ። በ1593 ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ትልቅ ምሽግ መሥራት ጀመሩ። እስከ ዛሬ ቆሞ ይጎበኛል። በ1698 ምሽጉ በኦማን ዐረቦች እጅ ወደቀና ወጡ። ይሄ የቫስኮ ቤተሰብ ለኛም እንግዳ አይደለም። ልጁ ክሪስቶቫው ደ ጋማ በ1541፣ 400 ወታደር ይዞ በምጽዋ በኩል ወደ ሀገራችን ገብቶ እዚሁ ነው የሞተው።

ፖርቱጋሎቹ ሲሄዱ ቃላታቸው ቀረ። ስዋሂሊ ጠረጴዛን ሜዛ ይላል፤ የነሱ ቃል ነው። ሰንደቅን ቤንዴራ ይላል፤ እሱም የነሱ ነው። እኛ ከጣሊያንኛ ከወሰድነው «ባንዲራ» ጋር የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ነው። እስር ቤትን ደግሞ ጌሬዛ ይሉታል። ይሄ ቃል ሲነሳ ፖርቱጋልኛ ላይ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል ምሽግ ውስጥ ገብቶ እስር ቤት ሆኖ ሲወጣ፣ ባሕር ዳርቻው ላይ ምን እንደተሠራ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ታሪክ ያለ ሰነድ ሲቀር ቃል ውስጥ ይደበቃል የምለው ለዚህ ነው።

ሌሶም እንደዚሁ ነው። መሐረብ ማለት ነበር፤ መሐረብ ሆኖ ግን አልቀረም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ በሉ። ስድስት መሐረብ ይዤ መጥቻለሁ። ከመርካቶ የገዛኋቸው ተራ መሐረቦች ናቸው። አንዱን ብቻዬን ትከሻዬ ላይ ላድርገው። አያችሁ? አይደርስም። አንገት ላይ ይታሰራል፣ ላብ ይጠረጋል፣ ሳንቲም ይቋጠራል እንጂ ልብስ አይሆንም።

19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ እነ ዛንዚባርና ሞምባሳ ገበያ የሚመጣው ባለ ቀለም መሐረብ ተቆርጦ አልነበረም የሚደርሰው። ረጅም ጣቃ ነበር። አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተከታትሎ የታተመ ነው። ነጋዴው ከጣቃው አንድ አንዱን በመቀስ እየቆረጠ ይሸጣል። አንድ ቀን አንዲት ሴት፣ ወይም ጓደኛሞች ተማክረው፣ «አትቁረጠው» አሉ። «ስድስቱን አንድ ላይ ስጠኝ።» ስድስቱን ቤት ወስደው ከመሐል ለሁለት ቆረጡት። ሦስት እዚህ፣ ሦስት እዚያ። ከዚያ ሁለቱን ሰንበር በቁመታቸው ጎን ለጎን ሰፏቸው።

እንደዚህ። ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች። እስቲ አንዳችሁ ያዙልኝ። አሁን ትከሻ ይሸፍናል። ወገብ ይዞራል። ልጅ ያዝላል።

የሚገርመኝ የዚህ ሥራ ቀላልነት ነው። አዲስ ማሽን አልመጣም። አዲስ ጨርቅ አልተፈጠረም። ገበያ ላይ ያለውን ዕቃ ነጋዴው ካሰበው ውጪ አዋሉት፤ በቃ። ነጋዴዎቹ ቆይተው ነቁ። ሴቶቹ ቤታቸው የሚሰፉትን ሁሉ አይተው፣ ስድስቱን ንድፍ አንድ ወጥ አድርጎ የሚያትም ፋብሪካ መፈለግ ጀመሩ። ያኔ ትእዛዙ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ወደ ሆላንድ፣ ወደ እንግሊዟ ማንቸስተር፣ ኋላም ወደ ሕንድና ወደ ጃፓን። ዛሬ የምታገኙት ካንጋ ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በአንድ ጊዜ ስለሚታተም ስፌቱ ቀርቷል። ስሙ ግን አልቀረም። ሞምባሳ ላይ ይሄን የሚያህል ጨርቅ እስከ ዛሬ «መሐረብ» እየተባለ ይጠራል። ስድስቱን የሰፋችው ሴት ስሙ ውስጥ አለች።

ሌሶ ይሄ ነው። ካንጋስ?

ካንጋ በስዋሂሊ ጅግራ ማለት ነው። አዎ፣ የኛው ጅግራ። ገጠር ያደጋችሁ ታውቋታላችሁ። ቆላ ለቆላ በመንጋ እየሮጠች እህል የምትለቅም። ላባዋ ጥቁር ግራጫ ነው፤ በላዩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጤፍ እንደተበተነበት ሆኖ ይታያል። ቀደም ካሉት የጨርቁ ንድፎች አንዱ እንደዚህ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ነበር። ገበያ ላይ ያዩት ሰዎች «ጅግራውን ስጠኝ» ማለት ጀመሩ ይባላል። ከዚያ ነጠብጣብ ያለውም የሌለውም ሁሉ ጅግራ ሆኖ ቀረ።

ሌላም የሚሉ አሉ። ጅግራ ብቻዋን አትሄድም፤ ስትሄድም ዝም አትልም። አዲሱን ጨርቅ ለብሰው በቡድን ሆነው እየተጫወቱ የሚሄዱትን ወጣት ሴቶች ያየ ሰው «ጅግሮቹ መጡ» አለ፤ ስሙ ከሰዎቹ ወደ ልብሱ ተሻገረ ይላሉ። ሦስተኛም አለ፤ ኩካንጋ ከሚል የቆየ የባንቱ ግስ የመጣ ነው፣ መጠቅለል ማለት ነው የሚሉ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ የወፏ ይበልጥብኛል። ሰው አዲስ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚያውቀውን ነው የሚጠራው። እኛስ የጨርቁን ንድፍ ስንጠራ «ነብርማ» እንል የለ? ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ስም የሚያወጣ ገበያተኛ የለም። ሁለተኛው ታሪክም ደስ ይለኛል። ያን ስም ያወጣው ሰው ለመሳለቅ ብሎ ከነበረ እንኳ፣ ሴቶቹ አላፈሩበትም። ያዙት፤ ለበሱት። ዛሬ ያ ስም የኩራት ስም ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ቀስ ልበል።

ካንጋ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ባሕር ዳርቻ በባርነት የተያዙ ሴቶች የሚለብሱት ሁለት ዓይነት ጨርቅ ነበር። አንዱ ሜሪካኒ ይባላል። ያልነጣ፣ ወፍራም፣ ቀለም የሌለው የጥጥ ጨርቅ ነው። ስሙ ላይ አሜሪካ አለች፤ ከዚያ ነበርና የሚመጣው። ከማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች ተነስቶ በሴለም ወደብ ነጋዴዎች በኩል ዛንዚባር ይደርስ ነበር። ይሄው ጨርቅ ወደ ኛ ሀገርም በብዛት ገብቷል። አቡጀዲድ ያልነው እሱን ነው። ሁለተኛው ካኒኪ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የተነከረ።

አስቡት እንግዲህ። አሜሪካ ውስጥ፣ የርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 እስኪያበቃ ድረስ፣ ያን ጥጥ የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ጥጡ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ዛንዚባር ላይ በባርነት የተያዘች ሴት ገላ ላይ ያርፋል። ከአንዱ ባርነት ወደ ሌላው ባርነት የተዘረጋ ጨርቅ ነው። በዛንዚባሩ ሱልጣን ቤት ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶችም ነበሩ። ስለዚህ ይሄ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ብቻ ነው ብዬ ላልፈው አልችልም።

ልብስ ያኔ ማን መሆንህን ይናገር ነበር። ጨዋ ሴት ራሷን ትሸፍናለች፤ ጫማ ታደርጋለች። በባርነት ያለችው ራሷን እንድትሸፍን አይፈቀድላትም። ጫማም የላትም። አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲያያት፣ ስሟን ሳይጠይቅ ደረጃዋን ያውቃል።

የዛንዚባር የባሪያ ገበያ በ1873 ተዘጋ። ባርነት በሕግ የተሻረው ደግሞ በ1897 ነው። ሕግ ወረቀት ላይ ነው። ነፃ የወጣችው ሴት ነፃ መውጣቷን መንገድ ላይ ለሚያያት ሰው በምን ታሳየው? ሜሪካኒውን አወለቀች። ካኒኪውን አወለቀች። ባለ ቀለሙን ካንጋ ገዝታ፣ አንዱን ገላዋ ላይ ጠመጠመች፤ ሁለተኛውን ራሷ ላይ ጣል አደረገች። ትናንት የተከለከለችውን ዛሬ ራሷ አደረገችው።

ስለዚህ ነው በዚያ ጊዜ የካንጋ ፋሽን እንደ እሳት የተቀጣጠለው። አዲስ ንድፍ በመጣ ቁጥር ሱቅ ይጨናነቃል። ያለፈው ወር ንድፍ አሮጌ ይባላል። በዚያን ጊዜ የነበሩ አንዳንድ ፈረንጆች ይሄን እያዩ ሴቶቹ ገንዘባቸውን ለጌጥ ያባክናሉ ብለው ጽፈዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ዕድሜዋን ሁሉ ቀለም የሌለው ጨርቅ ሰው የመረጠላት ሴት፣ በራሷ ገንዘብ ቀለም መምረጥ ማለት ምን እንደሆነ እሷ ነች የምታውቀው።

ሁለተኛውን ጉዳይ ላንሳ። ጽሑፉን።

ካንጋ ሦስት ነገር አለው። ዙሪያውን የሚከበው ጠርዝ ፒንዶ ይባላል። መሐሉ ምጂ ይባላል፤ ምጂ በስዋሂሊ ከተማ ማለት ነው። ጨርቁ መሐል ከተማ አለ፤ ጠርዙ እንደ ቅጥር ይከበዋል። ሦስተኛው፣ ከታችኛው ጠርዝ ከፍ ብሎ በአንድ መስመር የሚታተመው ጽሑፍ ነው። እሱን ምን ይሉታል መሰላችሁ? ጂና። ጂና ማለት ስም ማለት ነው።

ሱቅ ገብታችሁ «ስሙ ማን ነው?» ብላችሁ ነው ካንጋ የምትጠይቁት። ባለሱቁ ጽሑፉን ያነብላችኋል። ሰው በስሙ እንደሚጠራ ካንጋም በስሙ ይጠራል።

ጽሑፉ የተጀመረው ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ገደማ ነው። መጀመሪያ ስዋሂሊው የሚጻፈው በዐረብ ፊደል ነበር። የወሎ ሼሆች አማርኛን በአጀሚ እንደጻፉት ማለት ነው። ቆይቶ ወደ ላቲን ፊደል ዞረ። ሞምባሳ ላይ በ1887 የተከፈተ አንድ ሱቅ አለ፤ የካደርዲና ሐጂ ኢሳቅ ሱቅ። ጽሑፍ ያለውን ካንጋ በማስፋፋት ስማቸው ይነሳል። ጨርቆቻቸው ላይ «ማሊ ያ አብዱላ» የሚል ምልክት አለ። የአብዱላ ንብረት ማለት ነው። ይሄን ምልክት ሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይታየኛል። ነጋዴው «የኔ ነው» ብሎ ይጽፍበታል፤ የምትለብሰው ሴት ግን ከሱ ጽሑፍ ይልቅ ሌላኛውን ጽሑፍ ፈልጋ ነው የገዛችው።

ምን ዓይነት ጽሑፍ? የተወሰኑትን ልንገራችሁ። «ማፔንዚ ኒ ኪኮሆዚ፣ ሃያዌዚ ኩፊቺካ።» ፍቅር ሳል ነው፣ ሊደበቅ አይችልም። «ኡሲሳፊሪዬ ኞታ ያ ምዌንዚዮ።» በሌላ ሰው ኮከብ አትጓዝ። ይሄ የመርከበኛ ሀገር አባባል ነው። ሌሊት ኮከብ አይተው ለሚቀዝፉ ሰዎች የተነገረ። እኔ በጣም የምወደው ደግሞ ይሄ ነው፦ «ናኦጎፓ ሲምባ ና ሜኖ ያኬ፣ ሲኦጎፒ ምቱ ክዋ ማኔኖ ያኬ።» አንበሳን ከነጥርሱ እፈራዋለሁ፤ ሰውን በወሬው አልፈራውም። ሜኖ ጥርስ ነው፣ ማኔኖ ወሬ ነው። ሁለቱ ቃላት ቤት ይመታሉ። ወደ አማርኛ ሲመጣ ቤቱ ፈረሰብኝ፤ ትርጉሙን ብቻ ነው ያመጣሁላችሁ።

የዚህ ሁሉ ሚስጥር ግን አባባሉ ውስጥ አይደለም። አለባበሱ ውስጥ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ተጣሉ እንበል። ባሕሉ ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ እንድትጮህ አይፈቅድም። እሷም አትጮህም። ገበያ ትሄድና የአንበሳውን ካንጋ ትገዛለች። ታጥባ፣ ተኩሳ፣ ጽሑፉ ዳሌዋ ላይ በደንብ እንዲነበብ አድርጋ ትለብሰዋለች። ከዚያ ውኃ ልትቀዳ በጎረቤቷ ደጃፍ ታልፋለች። በቃ፤ አለቀ። ጎረቤቷ አንብባለች። ልትጠይቃት ግን አትችልም። ብትጠይቃት «ቀለሙን ወድጄው ነው» ትላታለች።

እኛ ለዚህ ቃል አለን። አግቦ። ነገርን ወደ ጎን ወርውሮ ባለቤቱ ብቻ እንዲሰማው ማድረግ። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው ካንጋን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ሰሙ ጨርቁ ነው፣ ወርቁ ማን ደጃፍ እንዳለፈችበት ነው። አንዱ ካንጋ አንዲት ሴት ላይ ስድብ፣ ሌላዋ ላይ መጽናኛ፣ ሦስተኛዋ ላይ ምንም ሊሆን ይችላል። ቃሉ የታተመው ፋብሪካ ነው። ትርጉሙን የምትጨርሰው ለባሿ ነች።

እኔ ይሄን የተማርኩት በስሕተት ነው።

ሞምባሳ አንዲት እናት ቤት ተከራይቼ ለጥቂት ወራት ተቀምጬ ነበር። ስማቸውን አልጠራም። «ማማ» ነው የምላቸው፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። የጎረቤት ልጅ ልታገባ ሆነ። እኔም ተጠርቻለሁ። ስጦታ ካንጋ ይሁን ብዬ ገበያ ሄድኩ። ስዋሂሊዬ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም። ቀለም መረጥኩ። ብርቱካንማና አረንጓዴ፤ በጣም የሚያምር። ባለሱቁም ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም ስሙን አልጠየቅኩም። አስጠቅልዬ ወደ ቤት መጣሁ።

ማማ «እስቲ ልየው» አሉ። ፈታሁት። ዘርግተው አነበቡት። ወዲያው መልሰው አጠፉት። ቀና ብለው ሲያዩኝ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄን ለሙሽራ አይሰጡም» አሉኝ። ጽሑፉ «ምዛኒያዬ ንዲዬ፣ ኩምቤ ሲዬ» ይላል። እሱ ነው ብለህ ያሰብከው፣ ለካ እሱ አይደለም።

አስቡት። በሠርጓ ዋዜማ። የምታገባው ሰው ያሰብሽው ሰው አይደለም ብዬ በጽሑፍ ላስረክባት ነበር። እናቷ ቤት፣ እንግዳ በተሰበሰበበት። ልቤ ወረደ። ማማ ተነስተው ሻሻቸውን አደረጉና ይዘውኝ ገበያ ሄዱ። ባለሱቁን አስር ጊዜ «ጂናው ማን ነው?» እያሉ አስነበቡት። መጨረሻ ላይ ኪሱቱ ገዛን። ኪሱቱ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነ የቆየ ንድፍ ነው፤ የሙሽራ ካንጋ የሚባለው እሱ ነው። ያን ቀን ነው ይሄ ጨርቅ የሚናገር መሆኑ የገባኝ። ከዚያ ወዲያ ካንጋ ሳላነብ አልገዛሁም።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ። ብዙ ሰው ካንጋንና ኪቴንጌን ያምታታል። ኪቴንጌ ወፍራም ነው፣ ጽሑፍ የለውም፣ ዙሪያውን የሚከብ ጠርዝ የለውም። ተቆርጦ ቀሚስ ይሰፋበታል። ካንጋ አይቆረጥም። ቢቆረጥ ስሙ ይቆረጣል።

ጨርቁ የሴቶች መሆኑን ያዩ ፖለቲከኞችም አልተኙም። ከነፃነት በኋላ ታንዛኒያ ካንጋን በሀገሯ ማተም ጀመረች። ዳሬሰላም ያለው ኡራፊኪ የሚባለው ፋብሪካ በቻይና እርዳታ ተሠርቶ በ1968 ሥራ ጀመረ። ኡራፊኪ ወዳጅነት ማለት ነው። የፓርቲ ካንጋ መጣ፣ የምርጫ ካንጋ መጣ፣ የጤና ትምህርት ካንጋ መጣ። በ2008 ባራክ ኦባማ ሲመረጥ ምስሉን የያዘ ካንጋ ወጣ፤ «ሆንጌራ ባራክ ኦባማ» ይላል፣ እንኳን ደስ ያለህ። እነዚህን አልጠላቸውም። ግን አንዲት ሴት ለጎረቤቷ የለበሰችውን ያህል አይናገሩኝም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልመለስ።

የኛ ነጠላ ስሟን ከየት እንዳገኘች አስባችሁ ታውቃላችሁ? ነጠለ ማለት ለየ ማለት ነው። ነጠላ ቁጥር እንላለን፣ ነጠላ ዜማ እንላለን፣ ነጠላ ሠረዝ እንላለን። ጋቢ ተደራርቦ ነው የሚሰፋው፤ ነጠላ ሳትደረብ፣ ስስ ሆና ትቀራለች። ስሟ ራሱ ይነግራችኋል። ካንጋ በዚህ ነገር የነጠላ ተቃራኒ ነው። ካንጋ አንድ ሆኖ አይሸጥም። ከፋብሪካ ሁለት ሆኖ፣ ተያይዞ ነው የሚመጣው። ጥንዱን ዶቲ ይሉታል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ንድፍ፣ አንድ ዓይነት ስም አላቸው። ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ከመሐል ትቆርጣቸዋለች፤ ጫፉን ትዘመዝማለች። አንዱ ለወገብ፣ አንዱ ለራስ።

ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግማሽ ዶቲ ነው። አሁን ልዘርጋው።

ቢጫና ቡናማ ነው። ጠርዙ ላይ የካሹ ፍሬ ቅርጽ አለ፤ የባሕር ዳርቻው ሴቶች በጣም የሚወዱት ንድፍ ነው። ይሄን ጫፍ እዩት። ሦስቱ ጎን በማሽን ነው የተዘመዘመው። አራተኛው በእጅ ነው። ክሩ ነጭ ነው፣ እርምጃው አንዳንድ ቦታ ይሰፋል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠባል።

ከሞምባሳ ልወጣ ስል ለማማ የገዛሁት ነው። በዚያ ጊዜ ማንበብ ችያለሁ። ግማሽ ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት። ስሙ «ዋዛዚ ኒ ዛሃቡ፣ ኩዋቱንዛ ኒ ሳዋቡ» ነው። ወላጆች ወርቅ ናቸው፣ እነሱን መጦር ጽድቅ ነው። ስሰጣቸው ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ምንም ሳይሉ መቀስ አመጡና ከመሐል ቆረጡት። ደነገጥኩ። መርፌና ክር ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክሩን ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። የቆረጡበትን ጎን ዘምዝመው ሲጨርሱ አንዱን ግማሽ እኔ ጭን ላይ አደረጉት። «ይሄ የኔ ነው» አሉ የራሳቸውን እያሳዩ። «ያ ደግሞ የእናትሽ ነው። አዲስ አበባ ያለችውም ወርቅ ነች።»

እናቴ ስዋሂሊ አታውቅም። ስሙን ነገርኳት። ነጠላዋ ሥር ትለብሰዋለች፤ ቤት ስትሆን ደግሞ ታገለድመዋለች። ጽሑፉ የት ጋ እንደሚሆን እኔ አላሳየኋትም። ራሷ ነች ወደ ውጭ፣ ሰው በሚያየው በኩል ያደረገችው። ጎረቤት «ምን ይላል?» ሲላት ታነብላቸዋለች፤ በቃሏ ይዛዋለች።

ለዛሬ የተዋስኩት ከሷ ነው። ተቀባበሉትና እዩት። ያን በእጅ የተሰፋውን ጎን በጣታችሁ ዳሱት።